ለአንድ ሰው የታዘዘ

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሸፍኗት ስላረፈደ፣ ብርዱም ስለጠናብኝ፣ ጋቢ ፍለጋ የእትዬን ሣጥን ከፈትሁ። ከልብሱ ሥር ታጥቦና ተጣጥፎ የተቀመጠ ባዶ የአልሚ ምግብ (የፕላምፒነት) ማሸጊያ አገኘሁ፤ ጋቢውን ረስቼ እሱን እንደያዝሁ ተቀመጥሁ።

እትዬ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱን በጀመረችበት ዓመት ክብደቷ እጅግ ወርዶ ስለነበር ይህ ምግብ አብሮ ታዘዘላት። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ብቻ ቢመዝንም፣ ኦቾሎኒው፣ የወተት ዱቄቱ፣ ስኳሩና ዘይቱ ተደምረው 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣሉ፤ ቫይታሚንና ማዕድንም አለበት። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው የሕመም ምልክት ሳይታይበት እንኳ 10 በመቶ ያህል፣ ሕመም ሲጀምረው ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ተጨማሪ ኃይል እንደሚያስፈልገው ነርሷ ነግራን ነበር። እኔም ይህን በቃሌ ይዤ እትዬን መቆጣጠር ጀመርሁ።

አንድ ቀን የፓኬቱን ጫፍ ቀዳ በልጆቿ ጣት ላይ ስትጨምቅላቸው ደረስሁባት። «ለአንቺ የታዘዘ እኮ ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። «አብሽር፣ መድኃኒቴን አላጓደልሁም፤ ይኼን ግን ልጆቼ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ብቻዬን ልጉረሰው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ከአንድ ገበታ በሚቆርስበት ቤት ጥግ ይዞ ለብቻ መብላት ነውር ነው። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ጤፉና ሽሮው ግን ከሰኞ ገበያ በገንዘብ ይሸመታል። መድኃኒቱ ሲስማማት የምግብ ፍላጎቷ መመለሱ የማገገም ምልክት ቢሆንም፣ እኛ ቤት ግን ያ ረኀብ የመጣው ሌማቱ በሳሳበት ወራት ነበር። ለታማሚዋ የሚሰፈረው ምግብ ልጆቿንም ቢያስብ ኖሮ፣ እናት ከራሷ አፍ ለመንጠቅ ባልተገደደች ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማሸጊያውን ያጠበችበት ምክንያትም ዛሬ ነው የገባኝ። ከጥራጊው ጋር ብትጥለው ጎረቤት ያውቀዋል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ መታወቁን ከረኀቡ ይልቅ ትፈራው ነበር።

እትዬ አሁን ደኅና ናት፤ ሌሎቹን ማሸጊያዎች አንድም ሳታስቀር እንዳቃጠለቻቸው አውቃለሁ። ይህን አንዱን ለምን አስቀረችው? ብቻዋን የበላችው ይሁን ልጆቹ የላሱት፣ ብጠይቃት ትነግረኝ ይሆን?