ከመዋቢያ ወጪዬ የቆጠብኩት 3,060 ብር ያስከፈለኝ

የመዋቢያ ወጪዬን ለመቀነስ ካደረግኋቸው ነገሮች አብዛኞቹ ተሳክተውልኛል። አንዱ ግን ፊቴን ለሰባት ወር አበላሽቶታል፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ስለ አንዱ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሥራዬ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ መቀበልና መክፈል ነው። በቀን ከመቶ ሰው በላይ ፊት ለፊት ያየኛል፤ ፀጉሬን ሳልሠራ ወይም ፊቴ ተጎሳቁሎ ከገባሁ ኃላፊዬ ጠርታ ታነጋግረኛለች። ስለዚህ «መዋቢያ ቅንጦት ነው፣ ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ እሱን ቁረጪ» የሚለውን ምክር ያኔም አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም። በመልክሽ ጭምር እንጀራ የምትበዪ ከሆነ መጠየቅ ያለበት የትኛው ይቀነሳል፣ የትኛው አይነካም የሚለው ነው። እኔ የተሳሳትኩት መነካት የሌለበትን ስለነካሁ ነው።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለመዋቢያ ዕቃ ግን ችግሩ የጀመረው ከዚያም በፊት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተደረጉት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል መዋቢያና ሽቶም ስለነበሩ፣ እኔ የምገዛበት ሱቅ ዕቃውን የሚያገኘው ከዱባይ በሚመለሱ መንገደኞች ሻንጣ ነበር። እገዳው ሲነሳ ዋጋው ይረክሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንዛሪው አብሮ ስለተለወጠ ግን 1,200 ብር እገዛው የነበረው የፀሐይ መከላከያ ቅባት 2,600 ብር ገባ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ደብተር ገዝቼ ለመዋቢያ የማወጣውን ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። የወሩ መጨረሻ ላይ ስደምረው ፀጉር ቤት አራት ጊዜ ታጥቤ ካስክ ለመግባት 1,400፣ ለጥፍር 600፣ ለፊት ክሬምና ለፀሐይ መከላከያ በወር ሲታሰብ 1,500፣ ለከንፈር ቀለምና ለፋውንዴሽን 400፣ ለሽቶ 300፣ በጠቅላላው 4,200 ብር ሆነ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 14,200 ብር ነው። ለእናቴ በየወሩ የምልከው 3,000 ብር ስለነበር፣ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው እጅግ አፈርኩ።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀላል ነበሩ። ካስኩን ትቼ ሰፈራችን ውስጥ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ጋ በሦስት ሳምንት አንዴ በ300 ብር መሠራት ጀመርኩ፤ ፀጉሬም ከሙቀት ስላረፈ መሰባበሩን ተወ። ጥፍሬን ራሴ ሞርጄ ቀለም የሌለው ማብረቂያ እቀባለሁ። ያለኝ ሽቶ ሳያልቅ ሌላ አልገዛም አልኩ። በነገራችን ላይ «ወደ እናቶቻችን ቅቤ እንመለስ» የሚሉ ሰዎች የቅቤን ዋጋ ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ለፀጉር የሚሆን ለጋ ቅቤ ዛሬ ከብዙ ኮንዲሽነር ይወደዳል። እሬት ግን ከጊቢያችን አጥር ሥር በነፃ ይበቅላል፤ ለራስ ቅሌ ጠቅሞኛል። በታኅሣሥ ወር ወጪዬ ወደ 2,100 ብር ወርዶ ነበር። በግማሽ ቀንሻለሁ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምኩም። ከ2,100 ብሩ ውስጥ 1,500ው የክሬምና የፀሐይ መከላከያ ስለነበር፣ ደብተሩን በገለጥኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ያርፋል። ጉንጬ ላይ በፀሐይ የመጡ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነበሩብኝ፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ የእሷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥፍት ያለበትን ቅባት ነገረችኝ። ዋጋው 480 ብር ነው፤ ለብቻው ይበቃል፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም አለችኝ። ወደ ሱቁ የሄድኩት በጥር ወር መጀመሪያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሱቁን በዝርዝር የምነግራችሁ ሁላችንም የተነገረንን ጥንቃቄ ማድረጌን እንድታውቁልኝ ነው። የመንገድ ላይ ሱቅ አልነበረም፤ የንግድ ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዕቃው በካርቶን የታሸገ ነው፤ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ሁሉ አለው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ሻጩ «እህቴ፣ ይህን የወሰደች ሁሉ ተመልሳ ትመጣለች» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ 560 ነው» አለኝና ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ። ቀኑን ሙሉ ፊርማ ከፊርማ የማመሳክር፣ አንድ ፊደል የተሳሳተበትን ቼክ የምመልስ ሰው፣ በካርቶኑ ጎን በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ሳላነብ 480 ብር ከፍዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴ ጠራ። በሁለተኛው ሳምንት ነጠብጣቦቹ ደበዘዙ፣ ደንበኞች ሳይቀሩ «አምሮብሻል» አሉኝ። ደብተሬ ላይ «ክሬም 480» ብዬ ስጽፍ የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም። ሦስተኛውን ቱቦ የጨረስኩት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ደመወዝ እስኪገባ አራት ቀን ሳልቀባ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ፊቴ በርበሬ እንደተቀባ እያቃጠለኝ ነቃሁ። ጠዋት በመስታወት ሳየው ጉንጮቼ ቀልተው አብጠዋል፤ በአፌ ዙሪያ ደግሞ ጥቃቅን ብጉር ክምችት ብሎ ወጥቷል። ያለኝ መፍትሔ ክሬሙ ስለመሰለኝ ከባልደረባዬ ተበድሬ ቀባሁ። በአንድ ቀን ውስጥ ተረጋጋ። ይኼኔ ፊቴ ያለ ክሬሙ መኖር እንዳቃተው መረዳት ሲገባኝ፣ ክሬሙ ፈዋሽ መሆኑን የተረጋገጠልኝ መሰለኝና ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ተቀባሁት። መቀባቱ ራሱ እየቆየ አልሠራ አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ለመብላት መንገድ ስሻገር ፀሐዩ ፊቴን ይጠብሰኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ እኔ ደግሞ መከላከያዬን ለቁጠባ ብዬ ትቼዋለሁ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ፊቴን አይተው ምንም ሳይናገሩ «የምትቀቢውን ይዘሽ መጥተሻል?» አሉኝ። ካርቶኑን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ በጎኑ በኩል አዞሩትና በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቃል ጠቆሙኝ። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት፣ 0.05 በመቶ።

«ልጄ፣ ይህ መዋቢያ አይደለም፣ መድኃኒት ነው» አሉኝ። ክሎቤታሶል ቆዳ ላይ ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች መካከል በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለከባድ የቆዳ ሕመም ይታዘዛል፤ ያውም በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ፤ ለፊት ደግሞ አይመከርም። እኔ ፊቴ ላይ ከሦስት ወር በላይ ተቀብቼዋለሁ። የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና መቆጣትን ስለሚያፍን ፊት የጠራ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲቆም ደግሞ የታፈነው ሁሉ ተመልሶ ይፈነዳል። ሐኪሟ በአንድ ጊዜ እንዳላቆም፣ በቀላል መድኃኒት ቀስ በቀስ እንድላቀቀው አደረጉኝ፤ የሚዋጥ መድኃኒትም አዘዙልኝ። ከዚያ ውጪ ፊቴን የሚነካው ንጹሕ ቫዝሊን ብቻ እንዲሆን ነገሩኝ።

የሕክምናውን ወራት ማስታወስ አልወድም። መስኮት ላይ ስቀመጥ ደንበኞች ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ ሲያሸሹ አየሁ። ደብተሬ ላይ ግን ሁሉንም መዝግቤዋለሁ፤ ለሦስት ጊዜ ምርመራ 2,700፣ ለመድኃኒት 5,350፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ታክሲ መጠበቅ ስላልቻልኩ ለራይድ 1,600፣ መቅላቱን ለመሸፈን ለገዛሁት ፋውንዴሽን 1,800፣ ድምሩ 11,450 ብር። በሦስቱ ወራት ከክሬሙ ቆጠብኩ ያልኩት 3,060 ብር ነበር።

አቤት ለማለትም ሞክሬአለሁ። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩበት መሥሪያ ቤት ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘኝ ሠራተኛ ካርቶኑን ሳይነካው «እህት፣ ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። የለኝም። «ያለ ደረሰኝ የገዛሽበትን ሱቅ በምን እናውቃለን?» አለኝ። ሱቁን ወስጄ ላሳያችሁ አልኩት፤ ወደ ሌላ ቢሮ መራኝ። እዚያ ያሉት ደግሞ የሱቅ ጉዳይ የእነሱ እንዳልሆነ ነግረውኝ ወደ ክፍለ ከተማ ላኩኝ። ክፍለ ከተማ የነበረችው ባለሙያ በትሕትና ብትቀበለኝም የክሬም ይዘት እነሱን እንደማይመለከት ነግራኝ ወደ መጣሁበት መለሰችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ክሬሙ ውስጥ የተባለው መድኃኒት መኖሩን በራሴ ወጪ አስመርምሬ ማስረጃ እንዳቀርብ ተጠየቅኩ። ካርቶኑ ላይ አምራቹ ራሱ ጽፎታል እኮ! አምራቹ ያመነውን እኔ ለምን በገንዘቤ አረጋግጣለሁ? ይህን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ደረሰኝ አለመያዜ ጥፋቴ ነው፤ የ80 ብር ልዩነት አቤቱታዬን አሳጥቶኛል። ነገር ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ያን ካርቶን ተቀብሎ ጎኑን ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር፤ ሦስት መሥሪያ ቤት ስመላለስ ያነበበው አንድም ሰው አላየሁም።

ስለዚህ በየቦታው የሚነገረውን «ፈቃድ ካለው ሱቅ ግዙ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ» የሚለውን ምክር በቂ ነው ብላችሁ አትያዙት። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። የምመክረው ካርቶኑን አዙራችሁ ይዘቱን እንድታነቡ ነው፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን የሚሉ የስቴሮይድ ስሞች ካያችሁ መልሱት። ሃይድሮኪኖን የሚለውን ቆዳ የሚያነጣ ንጥረ ነገርም ያለ ሐኪም አትንኩት፤ የአውሮፓ ኅብረት ከፊት መዋቢያዎች ውስጥ ካገደው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ቅባት ግን ይዘቱን ጨርሶ ላይጽፍ ይችላል፤ ጉዳቱም ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ይደርሳል። ለዚህ ያለኝ መለኪያ ፍጥነቱ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጠብጣብ አጥፍቶ ፊት የሚያጠራ ቅባት ካጋጠማችሁ፣ የምትደሰቱበት ሳይሆን የምትጥሉት ነው። ሎሚ ተቀቡ የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ሎሚ በፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል።

መቆጠብ የፈለገ ሰው የሚቆጥብበት ቦታ ሞልቷል። ዋጋ የጨመሩበትን የማርጠቢያ ክሬም በቫዝሊን ተኩት። የፀሐይ መከላከያ ስትገዙ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (SPF) 50 ካልሆነ አይሠራም የሚሏችሁን አትመኑ፤ 30 ቁጥሩ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ሲከላከል 50ው 98 በመቶ ያህሉን ነው፤ ለዚያች አንድ በመቶ እኔ ከምገዛበት ሱቅ 900 ብር ይጨምራሉ። ከሁሉም በላይ ጃንጥላ ያዙ። እናቴ በበጋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጃንጥላዋን ስትዘረጋ «ዝናብ በሌለበት!» እያልኩ አፍር ነበር፤ በ60 ዓመቷ ጉንጯ ላይ አንድም ነጠብጣብ የለም።

አሁን በወር ወደ 1,150 ብር አወጣለሁ፤ ለሹሩባ 400፣ ለፀሐይ መከላከያው በወር ሲታሰብ 570፣ የቀረው ለቫዝሊንና ለሳሙና ነው። መቅላቱ ከጥቅምት ወዲህ ለቆኛል፤ በቀኝ ጉንጬ ላይ ግን ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ቀርተዋል፤ ሐኪሟም እነሱ ላይጠፉ እንደሚችሉ ነግረውኛል። ባዶውን ካርቶን አልጣልኩትም። የመሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ክሬሙን የነገረችኝ ባልደረባዬ አራተኛ ቱቦዋን ልትገዛ ስትነሳ ጎኑን አዙሬ ያሳየኋትም እሱን ነው። እሷ ገና እየተላቀቀች ናት፤ ሰኞ ለምርመራ አብሬያት እሄዳለሁ።