«ወንድምሽ የት አለ?»

የጽሑፉ ርዕስ «የወንድማማች በደልና ጸጸት በልቦለድ ውስጥ» ነበር። ማስረከቢያው እሁድ እኩለ ሌሊት። ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ አለ። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ገብቶታል፤ ላልገባው ላስረዳ።

ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሜዳው የሚጫወት ቀን ከተማው ሌላ ሥራ የለውም። ስታዲየሙ 102,780 ሰው ይይዛል፤ ከ1922 ጀምሮ ወንዙ ዳር የፈረስ ኮቴ መስሎ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ በየመኪና ማቆሚያው ሥጋ ይጠበሳል። መንገድ ላይ አይታችሁት የማታውቁት ሽማግሌ «ኦ! ኤች!» ብሎ ይጮህባችኋል፣ «አይ! ኦ!» ብላችሁ መመለስ አለባችሁ (አራቱ አንድ ላይ «ኦሃዮ» የሚለው ስም የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው)፣ ዝም ካላችሁ የእግዜር ሰላምታ የነፈጋችሁት ነው የሚመስለው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ላንብብ ብትሉ የባንዱ ከበሮ ይከተላችኋል። ጨዋታውን ፉትቦል ይሉታል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በእጅ ነው። አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው ተብሎ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይቆማል፣ ክብ ሠርተው ይመካከራሉ፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ እንደገና ይቆማል። የዕድር ስብሰባ በሉት፣ ብቻ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች ያሉበት።

እቅዴ ቀላል ነበር። ሁሉም ሰው ስታዲየም ሲሄድ ዶርሙ ጭር ይላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ እማዬ ደወለች። ማሙሽ ሊመጣ ነው።

ማሙሽ ታናሽ ወንድሜ ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ጀምሯል፣ እማዬ ግን አሁንም ማሙሽ ነው የምትለው፣ ስለዚህ እኛም ማሙሽ ነው የምንለው። ቨርጂኒያ ከእሷ ጋር ይኖራል። 12ኛ ክፍል ስለሆነ «ኮሌጅ ምን እንደሚመስል ይይ» ተባለና ወደዚህ የሚነዳ የሰፈር ሰው ተገኝቶ ከበሶና ከቆሎ ጋር ተላከልኝ። ጃኬትም ተገዝቶለታል። አዲስ፣ ወፍራም፣ ክሬም ከለር። እኔ የዚህን ከተማ የመጀመሪያ ክረምት ያሳለፍኩት የአክስቴ ልጅ ያወለቀችውን ካፖርት ለብሼ ነው። ቂም ይዤ አይደለም፣ እንዲሁ ለመረጃ ያህል ነው።

«አደራ» አለች እማዬ። «ብርድ እንዳይመታው። ጃኬቱን እንዳያወልቅ። ከዓይንሽ እንዳይጠፋ።»

ዓርብ ማታ ማሙሽ አልጋዬን ወርሶ ሲያንኮራፋ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። አሜሪካዊውን ደራሲ ስታይንቤክን ነበር የመረጥኩት፣ በ1952 የታተመውን «ኢስት ኦፍ ኢደን»ን። ያነበበ ያውቀዋል፣ መጽሐፉ የቃየልና የአቤልን ታሪክ በአንድ ቤተሰብ ሁለት ትውልድ ላይ ይደግመዋል። መጀመሪያ ቻርልስና አዳም። ቻርልስ ለፍቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ለአባቱ ጥሩ ሴንጢ ይገዛል፣ አዳም ደግሞ አንድ ቡችላ ከመንገድ አንስቶ ይሰጠዋል። አባትየው ቡችላውን ወደደ። አለቀ። ቻርልስ ወንድሙን ሊገድለው ምንም አልቀረው። ቀጥሎ የአዳም ልጆች ይመጣሉ፣ ካልና አሮን። ካል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባቄላ ነግዶ 15,000 ዶላር ለአባቱ ያመጣል፣ አባቱ አልቀበልም ይለዋል። ካል ንዴቱን የሚወጣው በማን ላይ ነው? በአባቱ እንዳይመስላችሁ። ወንድሙን ይዞ ሄዶ ሞታለች የተባለችውን እናታቸውን፣ ያውም የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ስታስተዳድር፣ ያሳየዋል። አሮን ያን አይቶ ጦር ሠራዊት ይገባል፣ ፈረንሳይ ላይ ይሞታል።

እኔን የገረመኝ ጸጸቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ከወንድም ወደ ወንድም በቀጥታ አይሄድም። ሁልጊዜ መሀል ላይ ወላጅ አለ። የዮሴፍን ወንድሞች ተመልከቱ። ልጁን በሃያ ብር ሲሸጡት ምግብ በልተው ነው፣ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጭንቅ የመጣው ማታ ላይ ነው፣ በፍየል ጠቦት ደም የነከሯትን ያቺን ቀሚስ ይዘው አባታቸው ፊት ሲቆሙ። እኔ ብሆን የዮሴፍ ወንድሞች በዚያ ምሽት ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ያወሩትን ነበር ልቦለድ አድርጌ የምጽፈው። «አንተ ስጠው።» «አይ፣ አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ስጠው።»

በነገራችን ላይ ዮሴፍ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ይህን ዓርብ ማታ ሳነብ ምንም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨዋታው ተጀመረ። የኅዳር ብርድ ነው፣ ከወንዙ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በሶው በር ላይ ቀረ፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም። ማሙሽ ግን በደስታ አብዷል። ባንዱ ገብቶ «ኦሃዮ» የሚለውን ቃል ሜዳው ላይ እየተራመደ በተያያዘ ፊደል ሲጽፈው አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ከ1936 ጀምሮ ይሠሩታል። መጨረሻ ላይ ትልቁን ቱባ መሳይ መሣሪያ የተሸከመ አንድ ተማሪ እየተንጎራደደ ወጥቶ የ«አይ»ን ነጥብ ቦታ ይይዛል፣ ሰው ሁሉ ያብዳል። ነጥብ ለመሆን ዓመታት የሚጠብቁ አሉ።

ሁለተኛው ሩብ ላይ ማሙሽ «ውሃ ልግዛ፣ ሞቆኛል፣ ያዢልኝ» ብሎ ጃኬቱን ጭኔ ላይ ጣለና ሄደ።

ሄደ።

መጀመሪያ ሰልፉ ረዝሞበት ነው አልኩ። ከዚያ እረፍት ሆነ። ሦስተኛው ሩብ ጀመረ። ልደውልለት ብዬ ስሞክር ጭኔ ላይ ያለው ጃኬት ነዘረ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶታል። እንግዲህ አስቡት፣ መቶ ሺህ ሰው መሀል፣ ግማሹ ቀይ ለብሶ፣ ግማሹ ግራጫ፣ አንድ ቀጭን ሐበሻ ፈልጉ። ወጥቼ የምግብ ሰልፎቹን በሙሉ አየሁ። የወንዶች ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ በአማርኛ ተጣራሁ። አንድ ሐበሻ ወጣ፣ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ሰላም ተባብለን ሄደ።

ቦታዬ ተመልሼ ጃኬቱን አቅፌ ስቀመጥ ጃኬቱ እንደገና ጮኸ። አወጣሁት። «እማዬ» ይላል። አላነሳሁም። ዝም ሲል የእኔ ስልክ ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው እየጠራ ኔትወርክ አልሠራ ብሎ የቆየ ስልክ ለእማዬ ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ እሷ ትንገራችሁ።

«አቤት እማዬ።»

«ወንድምሽ የት አለ?»

እውነቴን ነው፣ ልክ እንደዚህ ነው ያለችው። «ደህና ነሽ ወይ» የለ፣ ምን የለ። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍጥረት ምዕራፍ አራትን ሳነብ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ ጀርባዬ ላይ ላብ መጣ። ስሙ አቤል ቢሆን ኖሮ እዚያው ወድቄ ነበር።

ቃየል «እኔ የወንድሜ ጠባቂ ነኝ ወይ?» ብሎ በጥያቄ መለሰ። እሱ እናቴን ስለማያውቃት ነው። እኔ እንደዚያ ብል የምሰማውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

«እዚሁ ነው። ሽንት ቤት ሄዶ ነው።»

ጸጥታ። ከበስተጀርባ ሲኒ ይንኳኳል፣ ቡና ላይ ናቸው።

«ሽንት ቤቱ በቴሌቭዥን ይተላለፋል እንዴ?»

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እግዜር ቃየልን ሲጠይቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ለካ ጎረቤታችን ያሉት ጋሼ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ፈረንጅ የሚያየውን ኳስ ሁሉ የሚያዩ ናቸው። «ልጆቹ እዚያ አይደሉ፣ እስቲ ስታዲየሙን እንየው» ብለው ከፍተውላቸዋል። እማዬ የመጀመሪያውን ቡና እየቀዳች ቀና ስትል ካሜራው ተማሪዎቹ ጋ ሄዷል። አራት ልጆች ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ቆመው፣ ደረታቸው ላይ በቀይ ቀለም አንድ አንድ ፊደል ተጽፎ፣ ይጮሃሉ። ኦ። ኤች። አይ። ኦ። «አይ» ማሙሽ ነው።

ቀና ብዬ ሳይ እኔም አየሁት። ከእኔ በታች፣ ከፊት ባለው ረድፍ። ያን ሁሉ ጊዜ ከዚያው።

ሰው እየገፋሁ ወረድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የ«አይ» ባለቤት የሆነው ጓደኛቸው ማታ ሲጠጣ አድሮ ሊነሳ አልቻለም። ሦስት ፊደል ሆነው ውሃ ሰልፍ ላይ ሲያለቅሱ ማሙሽን አዩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። «አንተ እኮ ተፈጥሮህ አይ ነው» አሉት። እሱም አመነ።

«ና፣ ልበስ!» አልኩት።

«እህቴ፣ እባክሽ» አለኝ ኦ፣ የመጀመሪያው ኦ ማለቴ ነው፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «እሱ ከሄደ ምን ብለን ልንነበብ ነው?» እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ኤች ሊያለቅስ ደረሰ። ማሙሽ ደግሞ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ከናፍሩ ሰማያዊ ነው፣ ፈገግታው ግን ጆሮው ደርሷል።

ተስማማን። ካሜራው ዞር ሲል ጃኬቱን ትከሻው ላይ እጥላለሁ፣ ካሜራው ሲመጣ አነሳለሁ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ቀጠልን። የጨዋታውን ውጤት አትጠይቁኝ፣ አንድም አላየሁ። ዘበኛው እንኳን አዝኖልኝ ቦታሽ ይህ አይደለም አላለኝም። መሀል ላይ እማዬ እንደገና ደወለች፤ እኔም ከየት እንዳመጣሁት እንጃ እንዲህ አልኳት።

«እማዬ፣ እዚህ አገር 'አይ' መሆን እኮ ትልቅ ክብር ነው። ጆን ግሌን ራሱ በ2009 ሜዳው ላይ የ'አይ' ነጥብ ሆኗል። ጠፈርተኛው! መሬትን የዞረ የመጀመሪያው አሜሪካዊ!»

«እሱ ልብስ ለብሶ ነበር?»

ለብሶ ነበር። ምን ይባላል።

ጨዋታው አልቆ መብራት ስር ስንደርስ ነው ጃኬቱን ያየሁት። ውስጡ በሙሉ ቀይ። ክሬም ጃኬት፣ ደረቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ቀይ። ማሙሽ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ እኔ የፍየል ጠቦቷን ነበር የማስበው። የዚያን ምሽት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳሙናውንም ኮምጣጤውንም ሞከርኩ። ቀለሙ ሮዝ ሆነ። የዮሴፍ ወንድሞች ቢያንስ አንድ ፍየል ብቻ ነው የጎደለባቸው፣ እኔ ለማጠቢያ ማሽኑ ሳንቲም ጨረስኩ።

እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ሆኗል። ጋሼ የቴሌቭዥኑን ምስል በስልካቸው አንስተው የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቀውታል። ዱባይ ያለችው አክስቴ ሳቀችበት። አዲስ አበባ ያለችው ትልቋ አክስቴ ግን በድምፅ መልእክት «ልጁ ምን አጥፍቶ ነው ልብሱን ያስወለቁት? እህቱ የት ሄዳ ነው?» ብላ ጠየቀች። ማንም ማሙሽን አልጠየቀም። በዘፍጥረትም እንደዚያው ነው፤ አቤል በሕይወት እያለ አንዲት ቃል ሲናገር አልተጻፈም። ማን ያውቃል፣ ምናልባት እሱም ሞቆት ጃኬቱን ጥሎ የሄደ ልጅ ይሆናል።

እሁድ ማሙሽ በሶውን ከዘበኞቹ ጠረጴዛ ላይ ባለማግኘቱ እያዘነ፣ ሮዝ ጃኬቱን ለብሶ ተሳፈረ። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ጻፍኩ። ካልን አነሳሁ፣ የዮሴፍን ወንድሞች አነሳሁ፣ መሀል ላይ ደግሞ «ጸጸት የሚጀምረው በደሉ ሲፈጸም ሳይሆን እናት ስትደውል ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ከጽሑፉ ሁሉ የምኮራባት እሷ ነበረች። መምህሯ በቀይ አስምራባት «ማስረጃ?» ብላ መለሰችልኝ። ጃኬቱን ላሳያት አሰብኩ፣ ቨርጂኒያ ሄዷል።

ማሙሽ ጉንፋን እንኳን አልያዘውም። ራቁቱን ቆሞ የዋለው እሱ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ የዋልኩት እኔ፣ ሰኞ ጠዋት ድምፄ ተዘግቶ ተነሳሁ። ለእማዬ ደወልኩላትና ገና «እማዬ» ስል አስነጠሰኝ።

«ውይ ልጄ» አለች፣ በእውነት አዝና። ልቤ ትንሽ ለስለስ አለ። «ፌጦ በሎሚ ውሰጂበት። ማሙሽ አጠገቤ ነው፣ ላገናኝሽ ነበር፣ ግን ይቅር፣ እንዳታጋቢበት።»