በዒድ ቀን ማን ለካው?

ሐጂው የያዙትን ፌስታል ገልብጠው የክትባት ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፏቸው። ከፊሎቹ በቅቤ ወዝተዋል፤ የአንዱን ጥግ አይጥ በልታዋለች። የታመሙትን ልጆች እናቶች ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቧቸው ናቸው። «በል ቁጠር» አሉኝ። «ኩፍኝ ከያዛቸው ከግማሽ የሚበልጡት የእናንተን መርፌ የተወጉ ናቸው። ታዲያ መርፌው ምን ሠራ?»

ቦታው ደቡብ ወሎ ነው፤ ከሐይቅ ብዙ የማይርቅ ጤና ጣቢያ። በነርስነት ከተመደብኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ሐጂው የእህል ነጋዴ ናቸው። በአካባቢው እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ይሰማል፤ እሳቸው «አይረባም» ካሉ በሚቀጥለው የክትባት ቀን አግዳሚው ወንበር ባዶውን እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያ ላይ ጅዳ ያለው ልጃቸው የኩፍኝ ክትባት ሕፃናትን ለኦቲዝም ይዳርጋል የሚል የድምፅ መልእክት ልኮላቸዋል። የወሬውን ምንጭ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም 12 ልጆችን ብቻ ይዞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው ነገሩን ያስነሣው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሙያ ፈቃዱን ተነጥቋል። በ2019 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ በክትባቱና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። ሐጂው እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱን ለልጄ ንገረው። እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

ልክ ናቸው፤ የጠየቁት ሌላ ነው። ስለ ክትባት ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንመልሰው ያልተጠየቅነውን ነው።

የእህል ነጋዴ ኪስ መቼም ናሙና አያጣም። ባቄላና አተር እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። «100 ልጆች ያሉበት መንደር እንበል፤ አንዱ ፍሬ አምስት ልጅ ነው። 90 ልጆች አንድ ጊዜ ተከትበዋል፤ 10 ልጆች ጨርሶ አልተከተቡም።» 18 ባቄላ ባንድ በኩል፣ ሁለት አተር በሌላ በኩል ደረደርን። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ከ100 ልጆች ወደ 85 የሚሆኑትን ነው የሚጠብቀው። በቀሩት ላይ መድኃኒቱ ደኅና ቢሆንም አይሠራም። በ2011 ዓ.ም. በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ ክትባት የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ18ቱ ባቄላ ሳይጠበቁ የሚቀሩት ሦስት እንኳ አይሞሉም፤ ሦስት ብለን ለየናቸው። ኩፍኝ ሲገባ ደግሞ ካልተጠበቀ ልጅ የሚምረው ጥቂት ነው።

ሐጂው ሦስቱን ባቄላና ሁለቱን አተር ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ከታመመው የተከተበው ይበልጣል» አሉ፤ እኔም «አዎ» አልኩ። ከዚያ ዓይናቸው በቦታው በቀሩት አሥራ አምስት ባቄላዎች ላይ አረፈ፤ አተር የነበረበትንም ባዶ ቦታ አዩ። «አተሩ ግን አለቀ» አሉ ቀስ ብለው። ካርዶቹን መልሰን ስናገላብጣቸው የ15 ወሩ መስመር በአብዛኞቹ ላይ ባዶ ነው።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሐጂው ግን ፍሬዎቹን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ይኼ ሒሳብ የሚሠራው ዕቃው ሳይበላሽ እዚህ ከደረሰ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ዘይት እኔ አልሸጥም። የእናንተው የት እንደዋለ በምን አውቃለሁ?»

ወደ ክትባቱ ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ የኩፍኙን ብልቃጥ ምልክት አሳየኋቸው፤ ክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት። ሙቀት ባገኛት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ብልቃጡ ይጣላል። የእኛዎቹ ነጭ ነበሩ። ሐጂው ደስ አላቸው። ወዲያው ግን በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መከታተያ ሰንጠረዥ ማየት ጀመሩ። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ተለክቶ ይጻፋል። ወሩን ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣ 5 ተጽፏል። 5፣ 5፣ 5፣ 5። የቁጥሮቹ ቅርጽ እንኳ አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መሆኑን ለማወቅ ነርስ መሆን አያሻም።

«በዒድ ቀን ማን ለካው?» አሉ ሐጂው።

የክፍሉ ባልደረባችን ዝም አለ። በዒድ ቀን ሐጂው ቤት ተጋብዞ ጠዋት ገብቶ ማታ ነው የወጣው፤ የበላውንም የጠጣውንም ያውቃሉ።

ደግነቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ፍሪጅ ታግ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበር። ማንም ጻፈ አልጻፈ፣ የ30 ቀኑን ሙቀት በራሱ ይመዘግባል። ሳየው ያስጠነቀቀው ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ቅዝቃዜ ነው፤ በአንዳንድ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዷል። እዚህ ላይ ነገሩ ይጣመማል። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም። ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከሌሎች ሦስት በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንት ግን በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል፤ ቀልጦ ሲታይም ደኅና ይመስላል። ሐጂው የጠረጠሩት ኩፍኙን ነበር፤ የተበላሸው ሌላው ሆኖ ተገኘ።

ለመፈተን ከዚያው ምርት አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለን አሳድረን አቀዘቀዝነው። በማግስቱ ካቀለጥነው በኋላ ከተጠረጠረው ጋር አንድ ላይ በኃይል ናጥናቸውና ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቆምናቸው። ያልቀዘቀዘ ፔንታቫለንት ደፍርሶ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይዘቅጥም። ሐጂው መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው ይጠብቃሉ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በሁለቱም ብልቃጦች ሥር ነጭ አተላ ተቀመጠ፤ ከላይ ያለው ውሃ ጠራ። «አንድ ናቸው» አሉ፤ ሊያስረዳቸው የተዘጋጀው ባልደረባዬ የሚለው አጣ።

ከባዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ኃላፊ ክትባቱን በጸጥታ እንድንቀይር፣ ልጆቹንም «ተጨማሪ ዘመቻ ነው» ብለን እንድንጠራቸው አሳሰበ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ በኩፍኙ ምክንያት የተነሣው ወሬ ራሱ ገና አልበረደም። እኔ ግን የደቡብ ሱዳኑን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በካፖኤታ አካባቢ በኩፍኝ ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞተዋል። ምክንያቱ አንድን መርፌ ለአራት ቀናት ደጋግሞ መጠቀምና ክትባቱን ያለ ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ እንደነበር የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ራሱ በይፋ ተናግሯል። የእኛው በረዶ ማንንም አልገደለም፤ ሕፃናቱን ያለ ጥበቃ ነው ያስቀራቸው፤ ድጋሚ ቢከተቡም ጉዳት የለውም። እነሱ ያንን ያህል ሞት ካልደበቁ እኛ ይህን የምንደብቀው ለምንድን ነው? ደግሞስ ሐጂው ብልቃጦቹን በዓይናቸው አይተዋል፤ የምንደብቀው ከማን ነው? ኃላፊውን ያሸነፈው የመጨረሻው ጥያቄ ይመስለኛል፤ የፊተኛው አይደለም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጃፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እንዲህ ብለን ተናገርን፦ ማቀዝቀዣው በርዶ አንዱን ክትባት አበላሽቶታል፤ በእነዚህ ወራት የተከተቡ ሕፃናት ይደገምላቸዋል፤ ክንዳቸው ወይም ታፋቸው ሊያብጥ፣ ሊያተኩሳቸው ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። የኩፍኙም ሁለተኛ ክትባት የቀረው ይምጣ አልን። የተቆጡ ነበሩ። አንዲት እናት «በመጀመሪያው ያለቀሰው አንሶ ነው?» ብላ ኃላፊውን አፋጠጠችው፤ መልስ አልነበረውም። ያልመጡም ቤተሰቦች አሉ፤ እስከ ዛሬ።

የመጡት ግን ብዙ ነበሩ፤ ሐጂውም አብረው መጡ። ማቀዝቀዣው አጠገብ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ የሚወጣውን ብልቃጥ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ካላዩ አይሆንም አሉ። ሰልፉ ተጓተተ፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ባልደረባዬ ተማሮ «ሐጂ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ እስከ መግሪብ አንጨርስም» ቢላቸው፣ «አብሽር፣ አንተ 5 ጽፈህ ቶሎ ስትጨርስ አይተናል» ብለው ቀጣዩን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።