ሰፊ ሱሪ ለድሬ ሙቀት፦ ፋሽንን በራሴ ልክ የማሰፋበት መንገድ

አዲስ ፋሽን ሲመጣ እንዳለ አልወስደውም። አንድ ፋሽን ውስጥ ቅዱ፣ ቁመቱ፣ ጨርቁና ቀለሙ አሉ። ከአራቱ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን እወስድና ሌላውን ከለመድኩትና ከሚመቸኝ ልብስ እቀዳለሁ። አራቱንም የወሰደ ሰው ልብሱ ቀድሞት ይታያል።

ድሬ ላይ ሁሉን የሚወስነው ጨርቁ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ ፖሊስተር ላብ ስለማይመጥ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሰፋ ጭን ላይ ይለጠፋል። ሐረር ግን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምናገኛት ከተማ ናት፤ ማታ ማታ ኮት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ፋሽን ለሁለቱ ከተሞች በሁለት ጨርቅ ነው የማስበው፤ ለድሬ ቪስኮስ (ከእንጨት ጭረት የሚሠራ ለስላሳ ጨርቅ) ወይም ስስ ጥጥ፣ ለሐረር ወፈር ያለ ጥጥ ወይም ጂንስ።

ከድሬ ገበያዎች ቀፊራም ሆነ ታይዋን ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢለኝ ከጨርቁ ጠርዝ አምስት ስድስት ክር እመዝና ውጭ ወጥቼ፣ ከዕቃው ራቅ ብዬ በክብሪት አቃጥላለሁ። ጥጥና ቪስኮስ እንደ ወረቀት ይሸታሉ፤ የሚተዉት አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ የተቀላቀለ ከሆነ አመድም ፍሬም አብረው ይወጣሉ። ጥቂት ፖሊስተር ያለበት ጥጥ በቀላሉ ስለማይጨማደድ ለሸሚዝ ይሆናል፤ ለሱሪ ግን እኔ አልገዛውም።

የተገዛው ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። ጥጥና ቪስኮስ በመጀመሪያው እጥበት 5 በመቶ ሊያጥሩ ይችላሉ፤ በ105 ሴንቲ ሱሪ ላይ ይህ 5 ሴንቲ ማለት ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ ልክ የነበረ ሱሪ ከታጠበ በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ተደርጎ ቢወራም። ቪስኮስ እርጥብ ሲሆን ክሩ ስለሚደክም አይጨመቅም፤ ውሃው ራሱ ተንጠባጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ልክ የምወስደው ከሰውነቴ ሳይሆን በብዛት ከምለብሰው ልብስ ነው። የምወደውን ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ከወገብ እስከ ብሽሽቱ ስፌት ያለውን፣ ከብሽሽት እስከ ታች ያለውን እና የጫፉን ስፋት እለካና ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። ከሸሚዝ ደግሞ ትከሻውን ከስፌት እስከ ስፌት፣ ደረቱን ከብብት እስከ ብብት፣ ቁመቱንም። እነዚህ ቁጥሮች ካሉ «ሰፊ» የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል። ልክ የሆነ ሸሚዝ ዙሪያው ከደረት 10 ሴንቲ ያህል ይበልጣል፤ ሰፊ የሚባለው ፋሽን ከ20 እስከ 30 ይደርሳል። እኔ 16 ላይ እቆማለሁ፤ ሰፋ ያለ መሆኑ ይታያል፣ የታላቅ ወንድም ልብስ ግን አይመስልም።

ሱሪው ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እሱ ላይ ነውና። ፎቶ ላይ የምናየው ሰፊ ሱሪ ጫፉ ተዘርግቶ ሲለካ 30 ሴንቲ ይሆናል፤ የለበሰችው ሞዴል ግን ረጅም ናት፣ ከስር ያደረገችውም ተረከዝ ነው። ቁመቱ 1.60 ለሆነ ሰው 26 ወይም 27 በቂ ነው። ዳሌው የሚወዱት ሱሪ እንዳለው ይቀመጥና ስፋቱ ከጭን መሃል ይጀምር፤ ወገቡ እምብርት ድረስ ከፍ ይበል። ከዳሌው ጀምሮ ከሰፋ አጭር ሰው ይበልጥ ያጥራል። ቁመቱ የሚለካው በየቀኑ በሚደረገው ጫማ ነው፤ ድሬ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ሰንደል ነው። ጫማ ተደርጎ ጫፉ ከመሬት 1.5 ሴንቲ ከፍ ማለት አለበት። በተረከዝ ጫማ ተለክቶ በሰንደል የተለበሰ ሱሪ አሸዋውን ይጠርጋል፤ በግንብ በታጠረው የሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ የመንገዱ ድንጋይ ጫፉን ቶሎ ይበላዋል። 150 ሴንቲ ስፋት ላለው ጨርቅ 2.30 ሜትር እገዛለሁ፤ ለቀጥ ያለ ሱሪ 1.30 ያህል ይበቃ ነበር።

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው ቦታ ጨርቁም ልብስ ሰፊውም አንድ መንገድ ላይ ስለሚገኙ ሥራው ይቀላል። የስልክ ፎቶ ብቻ ይዤ አልሄድም፤ ፎቶ ቅዱን እንጂ ልክ አያሳይም። የምወደውን ሱሪ አብሬ እወስድና እንዲህ እላለሁ፦ «ወገቡና ዳሌው ልክ እንደዚህ ይሁን፤ ከጭን በታች ብቻ ይስፋ፤ ጫፉ ተዘርግቶ 27።» ጨርቁ ስስ ከሆነ መርፌው በ75 ወይም በ80 እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ጂንስ ሲሰፋ የዋለ 100 ቁጥር መርፌ ቪስኮስ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ይተዋል፤ ስፌቱም ይሸበሸባል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ማጥበብ ላይ ነው። «አቦ፣ 3 ሴንቲ ጥብብ አድርግልኝ» ስንል እኛ ከዙሪያው 3 ማለታችን ነው። ልብስ ሰፊው በሁለቱም ጎን ከስፌቱ 3 ወደ ውስጥ ከገባ ግን ከፊትም ከኋላም ስለሚቀነስ በጠቅላላው 12 ሴንቲ ይሄዳል። «ከጠቅላላው ዙሪያ 3 ይቀነስ፣ በየጎኑ ከስፌቱ 0.75» ብሎ መናገር ብዙ ልብስ ያተርፋል። የስፌት መኪና ላይ ከመግባቱ በፊት በመርፌ ቁልፍ ተይዞ መለካት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስንለካም ቆመን ብቻ ሳይሆን ባጃጅ ላይ እንደምንወጣ እግራችንን አንስተን፣ ቁጭ ብለንም።

ሰፊ ኮት ከፈለግኩ አዲስ አላሰፋም፤ የወንድ ኮት ከሰልባጅ ነው የምመርጠው። መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ስፌቱ ከትከሻዬ አጥንት ከ3 ሴንቲ በላይ ካለፈ እተወዋለሁ፤ ትከሻ ማስተካከል እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ ዋጋው ከኮቱ ይበልጣል። ጎኑ ይጠባል፣ እጅጌውም ያጥራል፤ ጫፉ ላይ ቁልፍ ካለው ግን ከ3 ሴንቲ በላይ ባይቆረጥ ይሻላል፣ ቁልፎቹ ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። ለድሬ እንዲሆን ገበሩን አስወጣለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የእጅጌው ገበር ይቀራል፣ አለዚያ ክንድ ሲገባ ይያዛል። ከኋላም ከትከሻ በታች 20 ሴንቲ ያህል ይቀራል፣ ኮቱ ቅርጹን የሚይዘው በሱ ነውና። የተገለጠው ስፌት ሁሉ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚይዘው የመኪና ስፌት) መያዝ አለበት፤ ካልሆነ በጥቂት እጥበት ክሩ ይተረተራል።

ለወንዶች ኮሌታው ክፍት የሆነ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ከሽርጥ ጨርቅ በጣም ያምራል፤ ፋሽንም ነው፣ የድሬም ነው። ጨርቁ 115 ስፋት ካለው 1.80 ሜትር ያህል ይፈጃል። የሽርጡ ዳማ መስመር ደረት ላይ ግራና ቀኝ፣ ኪሱም ላይ እንዲገጥም አስቀድሞ መንገር ግድ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ አይስተካከልም።

ቀለም ብዙ አያጨቃጭቀኝም። የዘመኑ ቀለም ፊቴ ላይ ካላማረ ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ሱሪ፣ ጫማ ወይም ቦርሳ ይሆናል። የድሬ ፀሐይ ጥቁርና ደማቅ ጥጥ ስለሚያነጣ ልብሱን ገልብጬ ጥላ ላይ ነው የማሰጣው።

ሱሪ ሳሰፋ ጫፉ ላይ 4 ሴንቲ፣ የኋላ መሃል ስፌቱ ላይ 2.5 ሴንቲ እጥፋት ለኋላ ማስተካከያ አስቀራለሁ። ሰፊው ፋሽን ሲያልፍ 29 የነበረውን ጫፍ ወደ 22 ማውረድ ይቻላል፤ ከውስጥም ከውጭም ስፌት እኩል 3.5 ሴንቲ እየገባን ነው። ከአንዱ ጎን ብቻ ከተቀነሰ እግሩ ሲለበስ ይጠማዘዛል፤ ያንን ካውያ አያቃናውም።