የጅማን ታሪክ ከወንዞቿ ጀምሬ ሳነብ

ካርታ ስዘረጋ መጀመሪያ ዓይኔን የምጥለው ወንዞቹ ላይ ነው። ስለ ጅማ ብዙ የገባኝም በዚህ መንገድ ነው።

1 ለ50,000 የሆነ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ስስ ወረቀት ደርቤበት ወንዞቹን ብቻ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀዳሁ። የኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) ወንዝ ሲያቋርጥ ሹል ሆኖ ወደ ምንጩ ይታጠፋል። ይህን ካወቃችሁ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።

ወረቀቱን ሳነሳው ደነቀኝ። ግልገል ጊቤና ጎጀብ ወደ ኦሞ፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳሉ። በአጋሮ በኩል ያለው ዴዴሳ ግን አባይ ይገባል። የአንድ ዞን ዝናብ ከፊሉ ሱዳንንና ግብፅን ያያል ማለት ነው!

ይህ ነገር ስንቱን ግራ አጋብቷል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የተራራ ጫፎችን በማዕዘን እየለካ አገራችንን ካርታ ላይ ያሰፈረ ትልቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 በጊቤ አካባቢ ወደነበረው የኢናርያ መንግሥት ደርሶ፣ የነጭ አባይ ምንጭ ጊቤ (የኦሞ የላይኛው ክፍል) ነው ብሎ አመነ። ኦሞ ቱርካና ገብቶ እንደሚቀር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1896 በጣሊያናዊው አሳሽ በቪቶሪዮ ቦተጎ ጉዞ ነው። ስለዚህ አሮጌ ካርታ ሳገኝ መቼ እንደተሠራ ሳላይ ወንዙን አላምንም።

ቀጥሎ በእርሳስ የጊቤን አምስት መንግሥታት ጻፍኩ፦ ጅማ፣ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ። ስማቸው ዛሬም በወረዳዎቹ ስም ውስጥ አለ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታው ላይ ነው። ገበያው ሂርማታ ግን ከታች ሜዳው ላይ፣ ከሸዋ ወደ ከፋ በሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ነበር። የዛሬዋ ጅማ የበቀለችው ከዚያ ገበያ ነው። ካርታውን ይዤ ጅሬን ስወጣ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ታየችኝ። ንጉሡ ገበያውን ከላይ ሆኖ እንዴት እንደሚያየው ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። እባካችሁ ካርታውን ቤት ትታችሁ አትውጡ።

መጀመር የሚፈልግ ሰው የአጋሮን መንገድ ይሞክር። በሚኒባስ መስኮት በኩል ጅረቶቹን ይቁጠር፤ ከፍታው ጋ ሲደርስ የትኛው ወደ ጊቤ፣ የትኛው ወደ ዴዴሳ እንደሚሄድ ካርታው ላይ ምልክት ያድርግ።