የ1994ቷ ደቡብ የመን፦ ብርጌዶቹ የሰፈሩበት ቦታ

ኤደን ላይ ሜይ 21 ቀን 1994 የታወጀችው ተገንጣይዋ የደቡብ መንግሥት፣ የየመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ሰባት ሳምንት ሳይሞላት ጁላይ 7 ፈረሰች (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለውድቀቷ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምክንያት ዕውቅና ማጣቷ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከአዋጁ በፊት፣ ጦሩ በሰፈረበት ቦታ አልቆ ነበር እላለሁ።

ሰሜንና ደቡብ የመን በ1990 ሲዋሐዱ ሠራዊቶቻቸው አልተዋሐዱም። እያንዳንዱ ወገን አንዳንድ ብርጌዶቹን ወደ ሌላው ግዛት ላከ። የደቡቦቹ አምራንና ዳማር ሰፈሩ። ለሰንዓ ቢቀርቡም ዙሪያቸው የሰሜን ጦር ስለነበር ውጊያ ቢነሳ ስንቅም ጥይትም የሚደርስላቸው መንገድ አልነበረም። ሰሜኖቹ ደግሞ «አማሊቃ» የተባለውን ብርጌድ አቢያን ላይ አስቀመጡ። ካርታ ዘርግቶ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ከኤደን ወደ ምሥራቁ የደቡብ ግዛት ሐድራሞት የሚወስደው የባሕር ዳርቻ መንገድ የሚያልፈው በአቢያን ነው።

ሁለቱ ወገኖች ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1994 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን የፈረሙት ስምምነት ይህን አላስተካከለም። ኤፕሪል 27 አምራን ላይ ታንክ ለታንክ የተጀመረው ውጊያ የደቡቡን ብርጌድ ደመሰሰው፤ የዳማሩም ብዙ አልቆየም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሊ ሳሌም አል ቤይድ መገንጠልን ሲያውጁ በሰሜን የነበራቸው ጦር ተመትቶ አልቆ ነበር።

«ሰሜን ደቡብን ወጋ» ብቻ ብሎ ማለፍም ልክ አይደለም። በጃንዋሪ 1986 የደቡብ የመን ሶሻሊስት ፓርቲ አንጃዎች ኤደን ውስጥ ተጫርሰው፣ ተሸናፊዎቹ ወደ ሰሜን ተሰድደው ነበር። ከእነዚያ አንዱ፣ የአቢያኑ ተወላጅ አብድራቦ መንሱር ሃዲ፣ በ1994 የፕሬዚዳንት አሊ አብደላ ሳሌህ መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። አብረዋቸው የተሰደዱት መኮንኖች አገሩን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

ከኤደን በስተ ሰሜን ያለው የአል አናድ የጦር ሰፈር ሲያዝ ከተማዋ ተከበበች። የመጠጥ ውሃዋ የሚመጣው ከውጭ፣ በላህጅ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ሕዝቡ በዚያ ሙቀት ተጠማ። ደቡቦቹ ወደ ሰንዓ የተኮሱት ስከድ ሚሳይል ሰላማዊ ሰው ገደለ እንጂ ግንባሩን አልለወጠም። የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 924 እና 931 የተኩስ አቁም ጠየቀ፤ ሰሚ አላገኘም። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት አብዛኞቹ ለደቡብ ቢያዘነብሉም ዕውቅና አልሰጡም፤ ዋና ከተማዋ ለተከበበች አገር ያን መስጠት ቀላል አይደለም።

የሐድራሞቷ ወደብ ሙከላ ጁላይ 4 ተያዘች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኤደን። አል ቤይድ ወደ ኦማን ሄዱ። ኤደን ተዘረፈች፤ ብዙ የደቡብ መኮንኖችም ያለጊዜያቸው በጡረታ ተሰናበቱ። በ2007 «ሂራክ» የተባለውን የደቡብ ንቅናቄ በሰላማዊ ሰልፍ የጀመሩት እነዚሁ ጡረተኞች ናቸው።