ያን ጥርስ ባላጥበው ኖሮ

ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ቅሪተ አካል ፍለጋ ለምትወጡ ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የወጣሁት ለመመረቂያ ጥናቴ ነው። የአለት ንጣፎቹን ከገደሉ ሥር እስከ አናቱ ለካሁ፤ ውፍረታቸውን፣ ቀለማቸውንና የአሸዋቸውን ሻካራነት መዘገብኩ። የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 እንዳስቀመጠው፣ አለቱ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ይቀድማል። አለመገልበጡን ደግሞ ከጭቃ ስንጥቆቹ አየሁ፤ ጭቃ ሲደርቅ ስንጥቁ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ከሁለት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎችም ናሙና ወሰድኩ።

አመዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዕድሜው የሚለካው አጥንቱ ራሱ ይመስለዋል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ብቻ ስለሆነ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይረዳም። አመድ ውስጥ ያለ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ክሪስታል ግን ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት የሆነ ፖታሲየም 40 አለው። ከዚያ ከፊሉ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣል። ቅልጥ አለት ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ከፈነዳና ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እዚያው ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በዚህ ዓይነት መንገድ፣ በአካባቢዋ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ስለዚህ አጥንት ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ካልታወቀ አመዱ ምንም አይነግረንም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተዳፋቱ ላይ አንድ መንጋጋ ጥርስ አየሁ። አናቱ በፀሐይ ነጥቷል፤ በሥሮቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ግን አረንጓዴ የሚመስል ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጠጋ ብዬ ጥርሱን ብቻ ፎቶ አነሳሁ፤ ከበላዩ ያለውን ገደል አላነሳሁም። ጂፒኤስ ያዝኩና አነሳሁት። ጂፒኤስ የሚናገረው ጥርሱ ተንከባሎ ያረፈበትን እንጂ የወጣበትን እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ናሙና የምናስረክብበት ክፍል መመሪያው «ታጥቦና ደርቆ» ይላል። እንዲያውም ከመውጣቴ በፊት ኃላፊውን ጠይቄያቸው፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ጭቃ የያዘ አንቀበልም» ብለውኝ ነበር። ማታ በጥርስ ብሩሽና በውሃ አጠብኩት። ጭቃው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውሃውን ደፋሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አማካሪዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከየትኛው ንጣፍ ነው?» ብለው ነው። ከላይኛው አመድ በላይም በታችም አረንጓዴ ጭቃ አለ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በውስጣቸው ባሉት የማዕድን ቅንጣቶች ነው። ያን ለመለየት የጥፍር ታህል ጭቃ ትበቃ ነበር። እሷን ነው የደፋሁት። በተመለስኩ ጊዜ ዝናብ ተዳፋቱን ጠርጎታል፤ ሦስት ቀን አፈር ነፋሁ፣ የጥርሱን ስባሪ የሚመስል ነገር አላገኘሁም። ያ መመሪያ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። እጄም ያበሳጨኛል፣ መመሪያው ብሩሽ አላስያዘኝም።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ አትጠቡ። ካስገደዷችሁም ጭቃውን በደረቁ ፈልቅቃችሁ በከረጢት ለብቻው አስቀምጡ፣ የጥርሱንም ቁጥር ጻፉበት። ከመንካታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ከላይ ያሉትን ንጣፎች ሁሉ ፎቶ አንሱ። አለቱ ውስጥ እንደተቀበረ ብታገኙትም ጠርዙን እዩ፤ ተፍቆ ከተድቦለቦለ ጎርፍ ከሌላ፣ ከጥንታዊ ንጣፍ አምጥቶት ሊሆን ይችላል።

አንድ ጓደኛዬ «ከአመዱ በታች ነው ብለህ ጻፈው፣ ማን ያውቃል?» ብሎኝ ነበር። አልጻፍኩም፤ በዚያ ሥራ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ጥርሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ከተዳፋት የተለቀመ፤ ንጣፉ አልታወቀም» ይላል።